ቢራቢሮ ለመጥራት ለሚተክሉ፦ ለሐሙሲትና ለጣና ዳር ነዋሪዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

በጓሮው አበባ የተከለ ሰው ቢራቢሮ ያያል። ትመጣለች፣ ትቀስማለች፣ ትሄዳለች። እንድትሰነብት የፈለገ ግን ልጆቿ የሚበሉትን ቅጠል መትከል አለበት፤ እንቁላሏን የምትጥለው አበባው ባማረ ተክል ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ለልጆቿ በሚስማማው ላይ ነውና።

ክንፏ ብርቱካናማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለባትን ቢራቢሮ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሳይንቲስቶች ዳናውስ ክሪሲፐስ ይሏታል። በመላው አፍሪካና በእስያ ሞቃት አገሮች ትገኛለች፤ የግብጽ ሠዓሊዎች ከ3,000 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በሉክሶር መቃብሮች ግድግዳ ላይ ስለዋታል። በየዓመቱ ወደ ሜክሲኮ ተራሮች በሚሊዮኖች እየተመመች የምትከርመው የሰሜን አሜሪካዋ ሞናርክ የቅርብ ዘመዷ ናት። የሁለቱም ልጆች የሚበሉት ከአንድ ወገን የሆኑ ተክሎችን ብቻ ነው፤ ቅጠላቸው ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጡትን። በአገራችን ከዚህ ወገን ትልቁና የታወቀው ቶብያ ነው፤ ቅምቦ የሚለውም አለ። ትንሹ ደግሞ በመንገድ ዳርና በጠፍ መሬት የሚበቅለው፣ ፍሬው በአየር የተነፋ ቁጥቋጦ ነው።

ሁለቱም ከቁራጭ ይበቅላሉ፤ ገንዘብም ብዙ ውሃም አይጠይቁም። ነገር ግን ሁለቱም መርዛሞች ናቸው። ወተታቸው የልብን ምት የሚያውክ ንጥረ ነገር አለበት። አባጨጓሬዋ ይህን መርዝ በሰውነቷ አከማችታ ወፍ ትከላከልበታለች። ጥጃና ሕፃን ግን ይህ ጸጋ የላቸውም። ስለዚህ ቢራቢሮ የሚጠራ ሰው የጎረቤቱን ከብትና የሰፈሩን ልጆች አብሮ ማሰብ ይኖርበታል። ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው ለዚሁ ነው።

፩. አስቀድማችሁ ተክሉን ለዩ

አድርጉ፦

• ትንሹን ቁጥቋጦ በምልክቱ እወቁት። የሳይንስ ስሙ ጎምፎካርፐስ ነው። ቁመቱ ከወገብ እስከ ሰው ቁመት ይደርሳል። ቅጠሉ ቀጭንና ረዘም ያለ ሆኖ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይወጣል። አበባው ነጣ ያለ ሆኖ ወደ ታች ያዘነብላል። ፍሬው የተነፋ፣ ላዩ በለስላሳ ጭገር የተሸፈነ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ነጭ የሐር ጭራ ያላቸውን ዘሮች ለነፋስ ይለቃል።

• ቶብያን በሰፊው፣ አመድማ አረንጓዴ በሆነው ወፍራም ቅጠሉና ጫፉ ወይን ጠጅ በሆነው አበባው ለዩት። የሳይንስ ስሙ ካሎትሮፒስ ነው። የቶብያ ቤት ሞቃቱና ደረቁ ቆላ ነው። የጣና ውሃ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ለሐሙሲትና ለዙሪያዋ የሚስማማው ትንሹ ቁጥቋጦ ነው።

• የአካባቢውን እረኞችና አረጋውያን ጠይቁ። ከብት የማይነካውን ቅጠል ከእረኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አታድርጉ፦

• ወተት ያለው ሁሉ ለዚህ ይሆናል አትበሉ። ቁልቋልና ቅንጭብም ወተት አላቸው፤ ይህች ቢራቢሮ ግን እንቁላሏን አትጥልባቸውም። የቅንጭብ ወተት ዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ደግሞ አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቀዋል።

• በስም ብቻ ተመርታችሁ አትቁረጡ። የዱር ተክል ስም ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ይለዋወጣል። ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን ሦስቱንም ሳታዩ ቢላ አታንሱ።

፪. ቁራጭ ስትወስዱ

ይህ ተክል በዘርም ይበቅላል። ቁራጭ የሚመረጠው ስለሚፈጥንና ምን እንደተከላችሁ ከመጀመሪያው ስለምታውቁ ነው።

አድርጉ፦

• በማለዳ ቁረጡ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ተክሉ ውሃውን እንደያዘ ነው። ያልጠነከረውን ለጋ ጫፍም፣ እንጨት የሆነውን አሮጌ ግንድም ትታችሁ መካከለኛውን፣ እርሳስ የሚያህለውን ቅርንጫፍ ምረጡ።

• ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን፤ ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑረው። ከታች የምትቆርጡት ልክ ከአንጓው ሥር ነው። ሥር የሚወጣው በብዛት ከዚያ ነውና።

• ቢላውን ወይም መቀሱን አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ እጠቡ። እጃችሁን በጓንት፣ ከሌለም በፌስታል ሸፍኑ፤ መነጽር ያለው መነጽሩን ያድርግ።

• ከመቁረጣችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ፣ ነጣ ያለች አንዲት እንቁላል ተለጥፋ ካገኛችሁ ያን ቅርንጫፍ ተዉትና ሌላ ፈልጉ።

• የተቆረጠውን ጫፍ ወተቱ መፍሰሱን እስኪያቆም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ከዚያ የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሱ፤ ከላይ ከሁለት እስከ አራት ብቻ ይቅሩ። እምቡጥ ካለ እሱንም አንሱ፤ አበባ ለማበብ የሚሄደው ጉልበት ለሥር ይሁን።

• ከአንድ እናት ብቻ አትውሰዱ፤ ከሦስት ከአራቱ አንዳንድ ቁራጭ ውሰዱ። ከአንዱ ተክል የተወሰዱ ቁራጮች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ በሽታ ቢመጣ የሚጎዳው ሁሉንም ነው።

አታድርጉ፦

• ተክሉን ከነሥሩ አትንቀሉ፣ መለመላውንም አታስቀሩት። ከአንዱ ተክል ከሲሶው በላይ መውሰድ ተገቢ አይደለም።

• ከሰው አጥር ሳታስፈቅዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አስተዳዳሪውን ሳትጠይቁ አትቁረጡ። በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ታርሶና ተግጦ ሲያበቃ አገር በቀል ዕፅዋት ተጠግተው የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ነው። ለአንድ ቁራጭ ተብሎ ያ ደን መደፈር የለበትም።

• ልጅ አታስቆርጡ። ወተት በነካው እጅ ዓይናችሁን አትሹ። የቶብያ ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ አንዳንዴ ብዙ ሕመም ሳይሰማ እይታን ያደበዝዛል፤ ሰውም «አላመመኝም» ብሎ ይዘናጋል። ዓይን ከተነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅጠል መጭመቅ፣ ጡት ማለብ፣ ቅቤ መቀባት አይረዳም፤ ያዘገያል።

፫. ሥር ስታስይዙ

አድርጉ፦

• አፈሩን አዘጋጁ። ከሐሙሲት ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወረድ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ለሩዝ ተስማምቷል፤ ለዚህ ቁራጭ ግን ውሃ አቁሮ ያበሰብሰዋል። ግማሽ አፈር፣ ግማሽ የወንዝ አሸዋ አድርጉና ጥቂት የበሰበሰ ኮምፖስት ጨምሩበት። የችግኝ ከረጢት ከሌለ፣ ሥሩ የተበሳ አሮጌ ጀሪካን ይበቃል።

• መጀመሪያ በእንጨት ቀዳዳ አብጁ፤ ቁራጩን በግድ ብትወጉት ልጡ ይላጣል። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ። ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ውሃ አጠጡ።

• ከሥሩ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ከላይ ድፉበት፤ ክዳኑን አውልቁ። እርጥበቱን ይይዛል፤ ቅጠሉም አይጠወልግም። የቀትር ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ በቀን አንድ ጊዜ ጠርሙሱን አንስታችሁ አናፍሱት።

• ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ታገሡ። አዲስ ቅጠል ሲያወጣና ቀስ ብላችሁ ስትስቡት አልነቃነቅ ሲል ሥር ይዟል ማለት ነው።

• ጊዜውን ምረጡ። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ሥር አስይዛችሁ፣ ሰኔ ሲገባ መትከል ይመቻል። በበጋ የሚያጠጣበት ውሃ ያለው ሰው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ መሞከር ይችላል።

• ስትተክሉ ደጋፊ እንጨት አቁሙለት። በዘር የበቀለው ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አለው። ከቁራጭ የበቀለው ግን በመጀመሪያው ዓመት ሥሩ ወደ ጎን ስለሚበታተን ነፋስ ይጥለዋል።

አታድርጉ፦

• በሐምሌና በነሐሴ ቁራጭ አትሰኩ። ዝናቡ አያስተነፍስም፤ ጫፉ ጠቁሮ ይበሰብሳል።

• ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሥር የምታስይዙ ከሆነ የመጠጥ ብርጭቆ፣ የቡና ስኒ ወይም የምግብ ዕቃ አትጠቀሙ። ወተቱ በውሃው ይቀላቀላል። የሚጣል ጠርሙስ ያዙ፣ ውሃውን በሁለት ቀን አንዴ ለውጡ፣ ከማድ ቤት አርቁት።

• ዩሪያ አትጨምሩ። ያለ ልክ የለመለመ ለጋ ቅጠል ክሽክሽ ይጠራል።

፬. የት ይተከል?

አድርጉ፦

• ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ውሃ የማይተኛበትን የአጥራችሁን ውስጥ ምረጡ። ከብት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ሊደርስበት አይገባም።

• ቢያንስ አምስት ስድስት እግር በአንድ ላይ ትከሉ። ጥቂት አባጨጓሬዎች አንድን ቁጥቋጦ በቀናት ውስጥ መለመላውን ያስቀሩታል፤ ብቻውን የቆመ ተክል መሐል መንገድ ላይ ያስርባቸዋል።

• አጠገቡ የአገራችንን አበባ ትከሉ። እናቲቱ የምትቀስመው አበባ ያስፈልጋታል፤ አደይ አበባን የመሰለ አገር በቀል ደግሞ በመስከረም በራሱ ይመጣል፤ ቦታ ልቀቁለት ብቻ።

• ለጎረቤት ንገሩ። «አያ፣ ይህቺ ቁጥቋጦ ለከብት መርዝ ናት፤ ለቢራቢሮ ብዬ ነው የተከልኳት፤ ከብትዎ ወደዚህ እንዳይጠጋ ይጠበቅልኝ» ማለት የደቂቃ ነገር ነው። ሳይነገር ከብት የታመመ እንደሆነ ግን የሽማግሌ ጉዳይ ይሆናል።

አታድርጉ፦

• በግጦሽ ላይ፣ ከብት ወደ ወንዝ በሚወርድበት መንገድ ዳር፣ ለመኖ በሚታጨድ ሣር ውስጥ አትትከሉ።

• ከምንጭና ከጉድጓድ ዳር፣ ከጎመንና ከሰላጣ መደብ አጠገብ፣ ሕፃናት በሚውሉበት የመዋዕለ ሕፃናት ግቢ አትትከሉ።

• በባሕር ዛፍ ሥር አትድከሙ። ጥላውም ውሃ ሻሚነቱም ቁራጩን ያቀጭጩታል።

• በጉማራና በገልዳ ዳርቻ፣ በጣናም ዳር በራሳችሁ ፈቃድ አትትከሉ። የጎርፍ ውሃ ዘሩን ይዞ ወዳላሰባችሁት ማሳ ያደርሰዋል። ጣና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። ዳርቻው የጋራ ነው፤ በጋራ መሬት ላይ ለመትከል ቀበሌውንና የግብርና ባለሙያውን አስቀድሞ ማማከር ይገባል።

፭. ስለ ከብትና ስለ ልጆች

ከዚህ ማሳሰቢያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

ከብት እርጥቡን ቅጠል ብዙ ጊዜ አይነካውም፤ መራራ ነው። አደጋው ያለው ተቆርጦ በደረቀው ላይ ነው። ከድርቆሽ ወይም ከገለባ ጋር ሲደባለቅ ላም ሳትለየው ትበላዋለች፤ መርዙ ግን በመድረቁ አይጠፋም። ሌላው አደጋ ረሃብ ነው፤ በበጋው ማገባደጃ ሣር ሲጠፋ ከብት ቀድሞ የተጸየፈውን ይቀምሳል።

አድርጉ፦

• የገረዛችሁትን ቅርንጫፍ በዚያው ቀን ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ።

• ከበላ በኋላ መኖ እንቢ ያለ፣ ያስቀመጠው፣ የደከመ ወይም ትንፋሹ የተዛባ ከብት ካያችሁ ፈጥናችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። የበላውን ቅጠል አብራችሁ ውሰዱ፤ ለባለሙያው ትልቅ ረዳት ነው።

• ልጆችን ሦስት ነገር አስተምሩ፦ ማየት ይቻላል፤ መቀንጠስ አይቻልም፤ የነካ እጁን በሳሙና ይታጠባል።

አታድርጉ፦

• ቅርንጫፉን ለመፋቂያ አትቁረጡ፤ ልጆችም እንዳይቆርጡት ጠብቁ። መንገድ ዳር ያገኘውን ቀጭን እንጨት ሰብሮ ጥርሱን መፋቅ የለመደ ልጅ ብዙ ነው፤ በዚህ ተክል ግን መርዙን በገዛ እጁ አፉ ውስጥ ይከታል።

• ለማገዶ፣ ለዕቃ ማጠኛ፣ ለወጥ ማማሰያ አታውሉት።

• ወተቱን ለኪንታሮት፣ ለቁስል ወይም ለጥርስ ሕመም ነው ብላችሁ በራሳችሁ አትቀቡ፤ ለማንም አታጠጡ። በባህል ሕክምና የሚታወቅ ተክል መሆኑ እውነት ነው፤ መጠኑን የሳተ ሰው የሚጎዳ መሆኑም እንዲሁ።

፮. አባጨጓሬዋ ስትመጣ

እናቲቱ እንቁላሎቿን አንድ በአንድ እያራራቀች በቅጠሉ ጀርባ ትለጥፋለች። በሞቃት ወቅት እያንዳንዷ እንቁላል ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ትፈለፈላለች። እጯ መጀመሪያ የምትበላው የወጣችበትን ቅርፊት ነው። ስታድግ ሰውነቷ በጥቁር፣ በነጭና በቢጫ ቀለበት ይዥጎረጎራል፤ በጀርባዋም ሦስት ጥንድ ጥቋቁር ቀንድ መሳይ ለስላሳ ዘንጎች ታወጣለች። የአሜሪካዋ ሞናርክ ያላት ሁለት ጥንድ ብቻ ነው።

ጠጋ ብላችሁ ተመልከቷት። ትልቅ ቅጠል ስታገኝ ወዲያው መብላት አትጀምርም። ወደ ቅጠሉ መነሻ ሄዳ ዋናውን ጅማት ትነክሰዋለች፤ ወተቱ በንክሻው በኩል ይንጠፈጠፋል፣ ቅጠሉም ዝልፍልፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ ወተቱ የቀነሰለትን ጫፍ ትበላለች። ወተቱ አፏን ሊያጣብቅባት ይችላልና መንገዱን አስቀድማ ትዘጋለች። ይህን ያየ ልጅ ስለ ተክሉ መርዝነት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ቁልቁል ተንጠልጥላ ሙሽሬ ትሆናለች፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝማ፣ ወርቃማ ነጠብጣብ ያለባት። ከዚያም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢራቢሮ ሆና ትወጣለች።

አድርጉ፦

• ቅጠሉ ሲበላ ደስ ይበላችሁ። የተከላችሁት ለዚሁ ነው፤ ቁጥቋጦውም ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

• አዲስ የወጣች ቢራቢሮ ክንፏ እስኪደርቅ ለሰዓታት ሳትንቀሳቀስ ብትቆይ ታማለች ብላችሁ አትንኳት።

• ይህችን አባጨጓሬ ከተምች ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች የእሳት እራት ልጅ ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል፣ ጅራቱ አጠገብም በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጥቦች አሉት። እሱን በበቆሎ ላይ ስታገኙ ለልማት ሠራተኛው አሳውቁ። ባለ ቀለበቷ ግን በቆሎም ጤፍም ሩዝም አትነካም፤ ከዚህ መርዛም ቅጠል ውጭ የምትበላው የላትም።

አታድርጉ፦

• አባጨጓሬዋን ወደ ቤት ወስዳችሁ ጎመን ወይም ሰላጣ አትስጧት፤ በረሃብ ትሞታለች።

• ሙሽሬዋን ከተንጠለጠለችበት አትገንጥሉ፤ ቢራቢሮዋን ለጌጥ ወይም ለመጫወቻ አትያዙ።

፯. ስለ መርጨት

በዚህ አካባቢ ጫት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ሁሉ የመርጫ ዕቃ ያውቃል። የቢራቢሮ ተክል የተከለ ሰው ደግሞ በወራት ውስጥ ግንዱ ላይ የተደረደረ ቢጫ ክሽክሽ ያያል። ዓይኑ ወዲያው ወደ ኬሚካሉ ይሄዳል።

አድርጉ፦

• ክሽክሹን በውሃ ግፊት እጠቡ፣ ወይም ጓንት አድርጋችሁ በጣት ደምስሱ። የከፋበትን ጫፍ ቆርጣችሁ ቅበሩ። ከመታጠቡ በፊት የቢራቢሮ እንቁላል አለመኖሩን እዩ።

• ማሳ የሚረጭ ጎረቤት ካላችሁ ተነጋገሩ። ነፋስ በሌለበት፣ ወደ ማምሻው ላይ መርጨት ቢራቢሮንም ንብንም ያተርፋል። ቀፎ ያለው ጎረቤት በዚህ ጉዳይ አብሯችሁ ይቆማል።

አታድርጉ፦

• በዚህ ተክል ላይ ምንም ዓይነት ፀረ-ተባይ አትርጩ። ክሽክሹን የገደለ መድኃኒት አባጨጓሬዋንም ይገድላል፤ ያኔ መትከሉ ለምን አስፈለገ?

• የኬሚካል ባዶ ዕቃ ለችግኝ ማፍያ፣ ለውሃ መቅጃ፣ ለእህል ማስቀመጫ አታድርጉ።

፰. ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ዘር

በሰሜን አሜሪካ ሞናርክ ስለቀነሰች ሰዉ በየጓሮው ወተታም ተክል መትከል ጀምሯል። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ተጓዧን ሞናርክ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ካስገባት በኋላ፣ በ2023 የሥጋቱን ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ አድርጎታል። ዘመቻው መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ስሕተት አብሮት መጣ፦ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የሞቃት አገር ዝርያ በየቦታው ተተከለ። ይህ ዝርያ የክረምት ቅዝቃዜ በማይበረታባቸው ቦታዎች ዓመቱን ሙሉ ስለሚለመልም የቢራቢሮዋ ጥገኛ ተሕዋስ እየተከማቸበት ሄደ። አሁን ባለሙያዎች በየጊዜው ከርክሙት ወይም በአገር በቀሉ ተኩት ይላሉ።

እኛ ከዚህ የቀረበ ትምህርት አለን። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው እምቦጭ ወይን ጠጅ አበባው አምሮ ዓለምን ያዳረሰ ተክል ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ጣና ላይ መግባቱ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ እንደነቀለ የጣና ዳር ሰው ምስክር ነው።

አድርጉ፦

• እዚሁ የበቀለውን ተጠቀሙ፤ ቁራጩንም ከቅርብ አካባቢ ውሰዱ።

አታድርጉ፦

• ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ለቢራቢሮ» ብሎ በሻንጣ የያዘውን ዘር አትዝሩ። አመስግናችሁ ለግብርና ባለሙያ አሳዩት።

• ቢራቢሮ ትወደዋለች ተብሎ የወፍ ቆሎን አታባዙ። አበባውን መውደዷ እውነት ነው፤ ተክሉ ግን ግጦሽ የሚውጥ መጤ አረም ነው።

፱. ለትምህርት ቤቶች

• ተክሉ በአጥር ተከልሎ ከላይኛው ክፍል ተማሪዎች ጋር ይተከል፤ ኃላፊነቱ የአንድ የሳይንስ መምህር ይሁን። «መርዛም ነው፤ አይንኩ» የሚል ሰሌዳ ይቁምበት።

• መዝገብ ይያዝ፦ እንቁላል የታየበት ቀን፣ የተፈለፈለበት፣ ሙሽሬ የሆነበት፣ የበረረበት። በመጽሐፍ የሚማሩትን እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬና ጉልምስ ግቢያቸው ውስጥ ያገኙታል።

• ሁሉም ብርቱካናማ ቢራቢሮ እሷ እንዳልሆነች ይታወቅ። ሃይፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባል ሌላ ቢራቢሮ አለች። የዚህችኛዋ ሴቷ መርዝ ሳይኖራት የመርዛሟን መልክ አስመስላ ለብሳ ወፎችን ታታልላለች፤ ወንዱ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክቦች አሉት። ሁለቱን ብርቱካናማዎች መለየት ለተማሪ ጥሩ ፈተና ነው።

፲. ይህን ሁሉ ማሟላት ለማትችሉ

አጥር የሌለው፣ ከብቱ በግቢው የሚውል፣ ወይም የሚድህ ሕፃን ያለው ቤተሰብ ይህን ተክል አይትከል። ቢራቢሮ ግን አይቀርበትም፤ ሎሚ ይትከል።

ጥቁር ሆና ቢጫ ነጠብጣብ ያላት፣ በአፍሪካ በሰፊው የምትገኝ ትልቅ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ ነው። ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ትባላለች። ትንሿ አባጨጓሬዋ የወፍ ኩስ መስላ ቅጠል ላይ ትቀመጣለች፤ ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። ሲነኳት ከራሷ ጀርባ ቀይ ሹካ መሳይ ሥጋ አውጥታ የሚከረፋ ሽታ ትለቃለች፤ ጉዳት ግን የላትም።

• አንድ እግር ሎሚ ለቤት፣ አንድ እግር ለቢራቢሮ ብላችሁ ሁለት ትከሉ። ያደገ ሎሚ ጥቂት አባጨጓሬ አይጎዳውም። ገና ለጋ በሆነው ችግኝ ላይ ከበዙ ግን በእንጨት አንስታችሁ ወደ ትልቁ አዛውሯቸው።

• ሎሚውን አትርጩት።

ዘጌ በቡናዋ፣ በጌሾዋና በሎሚዋ ስትታወቅ ኖራለች፤ ሎሚ ለጣና ዳር እንግዳ አይደለም። ፍሬው ለገበያ፣ ቅጠሉ ለቢራቢሮ ይሆናል፤ የማንም ላም አይታመምበትም። ወተታሙን ቁጥቋጦ አጥር ያለው፣ ጊዜ ያለውና ለጎረቤቱ የነገረ ሰው ይትከለው።